ዶሮዎቹ ቆጥ የወጡበት ቀን

ልጅ ሳለሁ ራስ ምታት የትልልቅ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና «ዛሬስ ፈለጠኝ» ትላለች፤ ትንሽ ጋደም ብላ ተነስታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ስለዚህ ለእኔ ራስ ምታት ማለት ሻሽ ማሰር ማለት ነበር። የእኔ የመጣው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ የእናቴን እንደማይመስልም ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሕመሙ ብቻ አይደለም። ሕመሙ በጀመረኝ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ላይ የሠራሁት ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ስለ ራስ ምታቴ ማውራት አልችልም።

ቤታችን ደባርቅ ዳር፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳው በሚጀምርበት ላይ ነበር። ሽማግሌው አያ ደርሶ ይባላሉ፤ የአባቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ እየጫኑ የፈረንጅ ጓዝ ከደባርቅ ስሜን ተራራ ላይ እስካለው ጨነቅ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ደከመ፤ በቅሎዋን ሸጡና እኛ ቤት ገቡ። መደባቸው ከምድጃው አጠገብ ነበር። እናቴ በክፉ ዓይን አይታቸው አታውቅም፤ እሳቸው ግን የሰው ቤት መሆናቸውን ለአንድ ቀንም አልረሱትም። ምሳ ሲቀርብላቸው «እኔ የእንጀራዬን ማታ በአፌ እከፍላለሁ» ይላሉ። ይከፍሉም ነበር።

ያኔ መብራት ከተማው መሀል እንጂ እኛ ጋ አልደረሰም። ምሽቱን የምናሳልፈው በኩራዝ ነው፤ የላምባው ሽታ ከኩበቱ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ ያድራል፣ ትምህርት ቤትም ይዘነው እንሄዳለን። ታናሽ ወንድሜ ማሩ ፍሙ ውስጥ ድንች ይቀብርና በእንጨት እየነካካ ይጠብቃል። አያ ደርሶ አሮጌ ጋቢያቸውን ጆሯቸው ድረስ ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ወደ ፍሙ አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተረት ይጀምራሉ። ረጋ ያለ አነጋገር ነበራቸው፤ አንዱን ቃል ተናግረው ሁለተኛውን እስኪያመጡ ድረስ ማሩ ድንቹን አንዴ ገልብጦት ይመለሳል። ቸኩለን «ከዚያስ?» ካልን ደግሞ «ቸኩላ የሮጠች በቅሎ ጭነቷን መንገድ ላይ ታራግፋለች» ብለው የበለጠ ይዘገያሉ። ነገረኛ ሰው ነበሩ፣ እወዳቸውም ነበር።

ተረቱ የሚነገረው ግን ሲመሽ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። «ቀን ተረት የሰማ ልጅ ቀንድ ያበቅላል» ይሉ ነበር፤ የሚያበቅልበትን ቦታ ሳይቀር ግንባራችን ላይ በሌባ ጣታቸው ነካ አድርገው ያሳዩናል። ዓይናቸው ስለደከመ መምሸቱን የሚያረጋግጡት ከእኛ ነው። ዶሮዎቻችን የሚያድሩት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነበር። ድንቹ ከተቀበረ በኋላ አያ ደርሶ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ወጥተዋል!» እንላለን። ይህ ካልተባለ ተረት የለም።

ሰኔ ነበር። የክልሉ ፈተና በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አንዱ ቁጥር ከመሀል ጠፋብኝ። ዓይኔን ጠራረግሁ። የጠፋበት ቦታ እየሰፋ መጣ፤ ዳር ዳሩ ፀሐይ ላይ እንዳለ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ቀና ብዬ አስተማሪውን ሳየው ግማሽ ፊቱ የለም። ከዚያ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ፤ እርሳሱ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ እንጂ መውደቁን አላወቅሁም። ድንዛዜው ወደ ከንፈሬ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብልጭታው ሄደና ከግራ ዓይኔ በላይ ያለው ሕመም መጣ። የራስ ቅሌን ከውስጥ በኩል በምሳር የሚፈልጡት ዓይነት ነበር። ሽንት ቤት ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ደወሉ ተደውሎ ተማሪው ሁሉ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ልሞት መሆኔን አመንኩ፤ ምንም አልመሰለኝም። ብርሃኑን የሚያጠፋልኝ ከተገኘ ሞትም ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

ቤት ስገባ ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ክፍል ውስጥ ወድቃ ወላጆቿ በማግሥቱ ጸበል ወሰዷት፤ ሁለት ሱባኤ ይዛ ስትመለስ ፈተናው አልፎ ነበር። ስምንተኛን ደገመች፣ ከዚያም ተወችው። ጸበሉን ጠልቼ አይደለም፤ እናቴ ዐሥራ አራት ቀን እንደምታስቀምጠኝ አውቃለሁ፣ ፈተናው ደግሞ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ዘጠነኛ ክፍል ካልገባሁ የሚጠብቀኝ ከእናቴ ጋር ገበያ ላይ ገብስ መስፈር ነው። ስለዚህ ያንን ማክሰኞ ዋጥ አድርጌ ያዝኩት።

ቅዳሜ ጉም ወረደ። የደባርቅን የክረምት ጉም ያየ ያውቀዋል፤ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ይነሳና አጥሩን፣ በረቱን፣ ጎረቤቱን አንድ ባንድ እየሸፈነ ደጃፍ ይደርሳል። ያን ቀን ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ስለጨለመ እናቴ ገና ከገበያ ሳትመለስ ኩራዙን ለኮስኩ። ብርድ ስለሆነ ማሩ እሳቱን አቀጣጠለ፣ ድንቹንም ቀበረ። ያኔ ነው ዶሮዎቹ በጉሙ ተታለው አንድ ባንድ እየዘለሉ ቆጥ ላይ የወጡት። ዐውራው ዶሮ ጭምር ወጥቶ አንገቱን ክንፉ ውስጥ ቀበረ።

እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ውስጤ ደንዝዞ ነበር። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ፊደሉ ይጠፋብኛል ብዬ ስለምፈራ መልሼ እዘጋዋለሁ። ተረት ከሰማሁ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መሰለኝ። አያ ደርሶ ከእንቅልፋቸው ነቅተው እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ፤ የኩራዙ ሽታ፣ የድንቹ ሽታ፣ ጨለማው፣ ሁሉም የማታ ነው።

«ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ?» አሉ።

ማሩ ሊስቅ ሲል በክርኔ ጎሰም አደረግሁት። «ወጥተዋል» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ወጥተዋል። ቀን መሆኑን ግን አውቃለሁ።

አያ ደርሶ ጀመሩ። አንድ ሰው በቅሎውን ገደል አፋፍ ላይ ሲያግጥ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ በቅሎዋ የለችም። ጎረቤቱን ጠረጠረና ከሰሰው። ዳኛው «ምስክር አለህ?» ሲለው «አለኝ፤ ገደሉ አይቷል፣ ገደሉ ይመስክርልኝ» አለ። አገር ሳቀበት። ዳኛው ግን አልሳቀም። «ምስክር በእግሩ መምጣት ካልቻለ ዳኛ ይሄድለታል» ብሎ ተነሳ። ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎት አፋፉ ላይ ተሰለፈ፤ ተከሳሹ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ነጠላውን አደገደገ፣ ወደ ገደሉ ጎንበስ አለና...

በዚህ መሀል ጉሙ ተገፈፈ። ቀስ እያለ አልሄደም፤ የሆነ ሰው መጋረጃ የሳበ ያህል ነው። የቀትር ፀሐይ በተከፈተው በር ገብታ ፊቴ ላይ አረፈች። ዶሮዎቹ ከቆጡ ዘለው ወረዱ። ከፀሐይዋ ጋር ያ የማክሰኞው ብልጭታ መጣ፤ የማሩ ፊት በግማሽ ጠፋ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። «አያ ደርሶ» ለማለት አፌን ብከፍት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። መሬት ላይ ተኛሁ።

አያ ደርሶ ፀሐይዋን በጉንጫቸው ነው ያወቋት። ጉንጫቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ቀን ነው እንዴ?» አሉ። «ማሩ፣ ቀን ነው?» ማሩ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ተረት ላይ እንደነበርን ማሩ እያለቀሰ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ዳማከሴ ጨምቀው አፍንጫዬ ውስጥ ጨመሩ። ሻሽ አሰሩልኝ፣ ፈታሁት፣ መልሰው አሰሩልኝ። እናቴ በጣቶቿ ከግራ ዓይኔ በላይ ያለውን አጥንት ስትዳብስ ምን እንደምትፈልግ ገባኝ። የቀንዱን ሥር ነበር የምትፈልገው። እኔም ራሴ፣ ይህን ያህል ተምሬ፣ የምታገኘው መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ አርጎሽ ያውቃል?» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ከዚህ በፊት ከጀመረሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ ነገ ጠዋት ጸበል እንሄዳለን። የዛሬ ብቻ ከሆነ ግን የቀን ተረቱ ነው፤ አያ ደርሶ ከመረቁሽ ይለቅሻል።»

ከጀርባዋ አያ ደርሶ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ጆሯቸው ወደ እኔ ነው። «አዎ፣ ማክሰኞ ጀምሮኝ ነበር» ብል ፈተናው ሄደ። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው።

«አያውቅም» አልኩ። «ዛሬ ነው የጀመረኝ።»

አያ ደርሶ «እኔ ነኝ» አሉ። ወደ መደቡ ቀረብ ብለው ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉ፣ መረቁኝ፣ የአፋቸውን እንዲመልስላቸው አምላካቸውን ለመኑ። ብርሃኑ እንደሚያስጮኸኝ ሲረዱ ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው በዳበሳ መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ቤቱ ጨለመ። ጉሙ ከሰዓት ተመልሶ መጣና ብርድ ሆነ፤ እሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ እግሬ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እሰማ ነበር። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። ያኔ የተሰማኝ ቢኖር ጨለማው መልካም መሆኑ ብቻ ነው።

ረቡዕ ፈተናውን ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ቤታችን ውስጥ ግን ተረት ቆመ። ሲመሽ ማሩ ድንቹን ይቀብራል፣ አያ ደርሶ ወደ እሳቱ ይዞራሉ፣ «ዶሮዎቹ» የሚለው ጥያቄ አይመጣም። ማሩ አንድ ሁለት ቀን ለመናቸው። «አልቋል ልጄ፣ የነበረኝ ያ ነበር» አሉት። እናቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም፤ ምሳቸውንም አላጎደለችም። እሳቸው ግን በነጻ እንደሚበሉ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ከሰሐናቸው እያስተረፉ ለማሩ ይሰጡ ጀመር። መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ፤ «ድብ ባሕር ልጄ ጋ ልሂድ» አሉ። አባቴ ለወጉ ያህል እንቢ አላቸው። ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ይዘው ሊማሊሞን ቁልቁል በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሲሳፈሩ ራሴን በእጃቸው ዳበስ አድርገው «ደህና ነው አሁን?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኩ።

ደህና አልነበረም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይመጣ ነበር። መደበቅን ተማርኩ። ብልጭታው ሲጀምር ሩብ ሰዓት እንዳለኝ አውቃለሁ፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ሰበብ አበጅቼ ከጎተራው ኋላ እገባለሁ፣ የገብስ ማዳበሪያ ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ እተኛለሁ። ካስመለሰኝ አፈር አለብሰዋለሁ። ከለቀቀኝ በኋላ ያለው ቀን ከሕመሙም ይልቅ ይገርመኝ ነበር፤ ሰው ሲስቅ ምን እንዳሳቀው አይገባኝም፣ እናቴ ስትቆጣ አይሰማኝም። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የእኔ አልቀለለኝም፤ ከበደኝም አልልም። ዝም ብሎ ደንዝዞ ተቀመጠ።

ስድስት ክረምት አለፈ። ጎንደር የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ሳለሁ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ያዘኝና ጓደኞቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። የመረመረችኝ ሴት ካርድ ላይ እየጻፈች «መጀመሪያ የጀመረሽ መቼ ነው?» አለችኝ። «ማክሰኞ» አልኩ። ሳቀች፤ «የትኛው ማክሰኞ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ የአስተማሪውን ግማሽ ፊት፣ ጭቃውን። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። እሷ ቀና ሳትል ጻፈችው። «ይሄ ማይግሬን ነው፤ የሚገድል አይደለም። ፀሐይ ሲበረታ፣ ስትጨነቂ፣ ምግብ ስታሳልፊ ሊነሳብሽ ይችላል» አለችኝና ክኒን ሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የክኒኑን ወረቀት ሳየው፣ ይህን መስማት የነበረበት ሌላ ሰው መሆኑ ታወሰኝ። ቅዳሜ ድብ ባሕር ወረድኩ።

አያ ደርሶ ልጃቸው ቤት ደጃፍ፣ አውራ መንገዱን ይዞ በተሠራ የድንጋይ መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል። በድምፄ አወቁኝ፤ «አስካል ነሽ? ራስሽስ?» አሉ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። «አያ ደርሶ፣ ያን ቀን በእርስዎ ተረት አይደለም ያመመኝ። ቀድሞ ማክሰኞ ጀምሮኝ ነበር። ጸበል እንዳይወስዱኝ ብዬ ዋሸሁ። ቀን መሆኑንም አውቅ ነበር።»

አንድ ዘገምተኛ የጭነት መኪና አለፈ። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ከፊታቸው ጠረጉ።

«ማክሰኞ» አሉ።

«አዎ።»

«ከቅዳሜው በፊት ያለው ማክሰኞ።»

«አዎ።»

ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሳረፉ ክረምቶቹን ቆጠሩ። «እዚህ አራት የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉ። «ሲመሽ ከበውኝ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አፌን ከፍቼላቸው አላውቅም፤ እነሱንም እንዳላሳምም ፈርቼ። የስድስት ክረምት ተረት በላሽብኝ፣ አስካል።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የማደርገው ቢጠፋኝ «ያቺን ተረት ይጨርሱልኝ» አልኳቸው። «ዳኛው ወደ ገደሉ ጎንበስ አለ፤ ከዚያስ?»

እንደ ድሮው «ቸኩላ የሮጠች በቅሎ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እጃቸው ወደ ላይ ተነሳ። «ጎንበስ አለ» አሉ። «ነጠላውን አደገደገ... ጎንበስ አለና...» እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረደ። «ጠፋኝ» አሉ። «ሳይነገር ሲቀመጥ ይጠፋል ለካ። ሌሎቹም እንዲሁ ሆነዋል፤ ጭራቸው የለም።» ያኔ ውስጤ የነበረው ድንዛዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካ፤ አፈርኩ፣ ዓይኔ በእንባ ሞላ። እሳቸው ስለማያዩኝ በእጄ ጠረግሁት።

አሁን ዳባት አስተምራለሁ፤ አያ ደርሶ ካረፉም ቆይተዋል። ሕመሙ አልተወኝም፤ ብልጭታው ሲመጣ መስኮቱ ላይ ጋቢ እሰቅልና እተኛለሁ። ክኒኑ እስኪሠራ ድረስ ያችን ተረት ከመጀመሪያው አንስቼ በልቤ እወርዳታለሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ዳኛው ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ብዙ ጊዜ ከራሴ ልጨምርላት ሞክሬ ተውኩት። ገደሉ ምን እንደመለሰ የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ድብ ባሕር የወረድኩበት ቅዳሜ መጨረሻ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት የልጅ ልጃቸው ዶሮዎቹን እሽ እያለች ወደ ቤት አስገባች። ሌሎቹም ልጆች መጥተው ከአያታቸው እግር ሥር ተቀመጡ። አያ ደርሶ የዶሮዎቹን ክንፍ ድምፅ ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ?» አሉ።

ልጆቹ ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ አላወቁም፤ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ተነስቼ በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ፣ ዞሬም ግቢውን አየሁ።

«አንዷ ቀርታለች» አልኩ። «ገና ውጭ ትለቅማለች።»

«እንግዲያስ እንጠብቃታለን» አሉ።

ወደ ጎንደር የሚመለሰው የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ። አልተነሳሁም። ከልጆቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዶሮዋን ጠበቅሁ።